እግር የሌለው ሰው ተራራ ስለ መውጣቱ

ተራራና እግር አንዱ ለአንዱ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ሜዳውን በበቅሎም በመኪናም ያልፉታል፤ ባሕሩን በመርከብ፣ ሰማዩን በአውሮፕላን ይሻገሩታል፤ በበረዶ የተሸፈነውን ረዥም ተራራ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚወጡት አንዱን እግር አንሥቶ ከሁለተኛው ፊት በማኖር ነው። ስለዚህም ሁለት እግሮቹ የተቈረጡበት ሰው ከዓለም ተራሮች ሁሉ በሚበልጠው በኤቨረስት ራስ ላይ ቆመ ሲባል፣ የሰማ ሁሉ አስቀድሞ ይደነቃል፤ ከተደነቀ በኋላም ከሁለት ነገር አንዱን ይናገራል። አንዱ ወገን ‹‹ቈርጦ የተነሣን ሰው የሚያግደው የለም›› ብሎ ያመሰግናል። ሁለተኛው ወገን ‹‹ምን ቸገረው? አርፎ ከቤቱ አይቀመጥምን?›› ብሎ ይነቅፋል። አመስጋኙና ነቃፊው የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ነገሩ የዚያ የአንዱ ሰው ብቻ እንደ ሆነ፣ ድሉም የእርሱ፣ አደጋውም የእርሱ እንደ ሆነ ማሰባቸው ነው። ይህ አሳብ እውነት ይሁን አይሁን ሊመረመር ይገባዋል፤ ለመመርመርም ክርክር ከመደርደር አስቀድሞ የሆነውን ነገር መስማት ይሻላል። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሂው ሄር የሚባለው አሜሪካዊ ገና በልጅነቱ ዐለት በመውጣት ስሙ የታወቀ ነበረ። በ1982 ዓ. ም. በጃንዋሪ ወር፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋራ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ወደሚገኘው ወደ ዋሽንግተን ተራራ ሄደ። የዚህ ተራራ ቁመት ከባሕር ወለል በላይ 1,917 ሜትር ነው። በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ቍጥር ሣቅ ያመጣበት ይሆናል፤ ከተማው ራሱ ከዚያ በላይ ነውና። ነገር ግን የተራራ ክፋት በቁመቱ ብቻ አይለካም፤ በዚያ ራስ ላይ በ1934 ዓ. ም. የነፈሰው ነፋስ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ተለክቷል። ሁለቱ ወጣቶች በረዶ ሆኖ የረጋውን ገደል ወጥተው ከጨረሱ በኋላ፣ ወደ መጡበት መመለስ ሲቻላቸው፣ ጥቂት ወደ ራሱ እንቅረብ ብለው ወደ ላይ አቀኑ። ዐውሎ ነፋሱ በረዶውን እያነሣ ዐይናቸውን ጋረደው፤ ሲመለሱም መንገዱ ጠፍቷቸው በተራራው በሌላው ወገን ወረዱ። ብርዱ ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ በደረሰበት ዱር ሦስት ሌሊት ዐደሩ። በመጨረሻ አንዲት ሴት በበረዶው ላይ ዱካ አይታ፣ ዱካውን ተከትላ፣ ሞት ሊወስዳቸው ጥቂት ሲቀረው አገኘቻቸው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የሁለት ልጆች ድፍረትና ስሕተት ነው፤ በየአገሩ የሚሰማ ነው። ከዚህ የሚቀጥለው ግን እንደዚህ በቀላሉ አያልፍም። ልጆቹ ሳይገኙ፣ ሊፈልጓቸው በፈቃዳቸው ከወጡት ሰዎች አንዱ፣ አልበርት ዳው የሚባለው የ28 ዓመት ጐልማሳ፣ በበረዶ ናዳ ተይዞ ሞተ። ደመወዝ አልተቈረጠለትም፤ አለቃ ሂድ ብሎ አላስገደደውም። በተራራ ላይ ሰው ጠፋ ሲባል ሰምቶ የወጣ ሰው ነበረ።

የሄር ሁለት እግሮች ከጕልበት በታች ተቈረጡ። ዳግመኛ ዐለት አትወጣም የሚል ቃል ከሐኪሞቹ ሰማ። እርሱ ግን በዕቃ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ እግሩን በእጁ ይሠራ ጀመረ፤ ጣት ሊገባበት በማይችል ስንጥቅ የሚገባ ቀጭን ጫማ የመሰለ እግር፣ በረዶ የሚወጋ ሹል ያለው እግር፣ ሲፈለግ የሚረዝም ሲፈለግ የሚያጥር እግር አበጀ። ብዙም ሳይቈይ ወደ ዐለቱ ተመለሰ፤ ሁለት ሙሉ እግር ሳለው ያልቻለውንም መንገድ ወጣ። በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር የሰውን ጠባይ ያሳያል። እርሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ ጥቂት ቀደም ሲል ያዘኑለት ሰዎች አሁን ‹‹ይህማ ማታለል ነው፤ እግሩን እንደ ፈለገ ያስረዝማል›› ይሉ ጀመር። ሰው ሲወድቅ ማዘን ቀላል ነው፤ የወደቀው ተነሥቶ ሲቀድም ግን ያዘነለት ሰው እንደ ተሰረቀ ሆኖ ይሰማዋል።

ማታለል ነው የተባለውን ነገር ለመመለስ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጫማም እግር አይደለም፤ ገመድም ክንድ አይደለም፤ በኤቨረስት ራስ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሲሦውን ያህል ብቻ ስለ ሆነ በጀርባ የሚሸከሙት የኦክሲጅን ጠርሙስም ሳንባ አይደለም። ሙሉ አካል ያለው ሰው እነዚህን ሁሉ ይዞ ሲወጣ ‹‹በጕልበቱ ወጣ›› ይባላል። ደግሞም ሰው ሠራሽ እግር ሙሉ በረከት እንዳይመስል ልብ ማለት ያሻል። ጣት የሌለው እግር ጣቱን ብርድ አይገድለውም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዕቃው ውስጥ ያለው የእግር ጕማጅ ቀኑን ሙሉ የሰውነቱን ክብደት ተሸክሞ ይላጣል፤ ያብጣል፤ ሲያብጥም ልክ የነበረው ዕቃ ይጠበዋል። ቍርጭምጭሚት ስለሌለ እግሩ በዘንበላ ላይ አይታዘዝም፤ ተረከዙ ምን እንደ ረገጠ ስለማይሰማም በሌላ ሰው ዘንድ እግር የሚሠራውን ሥራ በእርሱ ዘንድ ዐይን ይሠራዋል። ሲወጡ ይህ ይቻላል፤ ሲወርዱ፣ ይልቁንም በደከመ ሰውነትና በጨለማ ሲወርዱ፣ ከባድ ነው።

እንግዲህ ወደ አልበርት ዳው እንመለስ። ሄር በሕይወት ዘመኑ ለዚህ ሰው የሚከፍለው ነገር የለም፤ አበዳሪው ሞቷልና። አንድ ጠያቂ ‹‹በአንተ ምክንያት ሰው ከሞተ በኋላ ወደ ተራራ መመለስህ ተገቢ ነውን?›› ቢለው ጥያቄው የጭካኔ ጥያቄ አይሆንም። ነገር ግን መልሱ ‹‹ተቀመጥ›› የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። ዳው የሞተው ሄር ከቤት እንዲውል አይደለም፤ ሄር በሕይወት እንዲኖር ነው፤ ለሄር ደግሞ በዚያን ጊዜ መኖርና መውጣት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም። ለባለቤቱ ሊከፈል ያልቻለ ዕዳ ይቀራል ማለት አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ሄር የዚያ ሰው ሞት ሕይወቱን ለሚጠቅም ነገር እንዲያውል እንዳስገደደው ተናግሯል፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ሆኖ፣ እግር ለተቈረጠባቸው ሰዎች በኤሌክትሪክ ኀይል የሚገፋ ቍርጭምጭሚት ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። ዕዳው አሁን በማይታወቁ ሰዎች እግር ላይ ይከፈላል። ዳው ለሄር የከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ‹‹አደጋው የእኔ ብቻ ነው›› የሚለውን ቃል። ይህን ቃል ሄር ዳግመኛ ሊናገረው አይችልም።

ይህን ቃል ከአፍ መንጠቅ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመንግሥት ሥራ የሆነበትም ጊዜ አለ። በ2017 ዓ. ም. በዲሴምበር ወር የኔፓል መንግሥት ስለ ተራራ መውጣት የወጣውን ደንብ አሻሻለ፤ ብቻውን የሚወጣ ሰው፣ ዐይነ ስውር፣ ሁለት እግሮቹም የተቈረጡበት ሰው ወደ ኤቨረስት እንዳይወጣ ከለከለ። ደንቡ የክፉ ሰዎች አሳብ አልነበረም። በዚያ ተራራ ላይ ሰው ሲወድቅ የሚያነሡት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ሼርፓዎች። እንግዳው ገንዘቡን ከፍሎ ሲሞት መንግሥት ይወቀሳል፤ እንግዳውን ሊያድን የወጣው ሼርፓ ሲሞት ግን ቤቱ ይፈርሳል። ከዚህ በላይ የአልበርት ዳው ነገር ይህን ደንብ የሚያጸና ይመስላል፤ ነገር ግን የዋሽንግተን ተራራውን ነገር ደግሞ ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። ዳው የሞተው እግር የሌላቸውን ሰዎች ሲፈልግ አይደለም፤ አራት ጤነኛ እግር የነበራቸውን ሁለት ወጣቶች ሲፈልግ ነው።

ከደንቡ ጋራ ከተከራከሩት ሰዎች አንዱ ሃሪ ቡድሃ ማጋር ይባላል። የኔፓል ተወላጅ ሲሆን በእንግሊዝ ጦር በጉርካ ክፍል ወታደር ነበረ፤ በ2010 ዓ. ም. በአፍጋኒስታን የተቀበረ ፈንጂ ሁለቱን እግሮች ከጕልበት በላይ ወሰደበት። ይህን የመሰለ ጕዳት ሄርን ካገኘው የከፋ ነው። ከጕልበት በታች የተቈረጠ ሰው መታጠፊያው ይቀርለታል፤ ደረጃ ሲወጣ የሚያነሣው የጭኑ ሥጋ በራሱ መታጠፊያ ላይ ይሠራል። ከጕልበት በላይ የተቈረጠው ሰው ግን እያንዳንዱን እርምጃ ከዳሌው ጐትቶ ያወጣዋል፤ በሜዳ ላይ እንኳ ለመራመድ ሙሉ አካል ካለው ሰው እጅግ የበዛ ኀይል ያጠፋል።

በአማርኛ ‹‹ጕልበት›› የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው ጭንንና ቅልጥምን የሚያገናኘው መታጠፊያ ነው፤ ሁለተኛው ኀይል ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው በዚህ ቃል ላይ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ብዙ አይቸገርም። የካትማንዱ ደንብ አውጪዎች አማርኛ ባያውቁም የሠሩት ሥራ በዚህ ቃል ይገለጣል፤ ሰሙን አንብበው ፍርድ ሰጡ። ጕልበት የለውም አሉ፤ እውነት ነው፤ የለውም። በ2018 ዓ. ም. በማርች ወር የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደንቡን አገደው። ማጋርም በ2023 ዓ. ም. በሜይ 19 ቀን በኤቨረስት ራስ ላይ ቆመ፤ ሁለት እግሮቹ ከጕልበት በላይ ከተቈረጡ ሰዎች እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ነገር ግን በዚህ ላይ ወርቁ ተገኘ ብሎ ማቆም ጥድፊያ ነው። የማጋርስ ጕልበት የማን ነበረ? መንገዱን የከፈቱለት፣ ገመዱን የዘረጉለት፣ ኦክሲጅኑን የተሸከሙለት ሼርፓዎች ነበሩ። ይህን ሲሰማ ‹‹እንግዲያስ እርሱ አልወጣም፤ አወጡት እንጂ›› የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው በ1953 ዓ. ም. ስለ ሆነው ነገር ይጠየቅ። በዚያ ዓመት በሜይ 29 ቀን ሰር ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ከሰው ሁሉ ቀድመው በኤቨረስት ራስ ላይ ቆሙ፤ የዓለም ጋዜጦችም የሁለቱን ስም ጻፉ። የጕዞውን ዕቃ ግን እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ በጀርባቸው የተሸከሙት ከ350 የሚበልጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም በኔፓል በኩል የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ሁለት እግር ይኑረው አይኑረው፣ ኩምቡ በሚባለው በተሰነጣጠቀ የበረዶ ግግር ላይ የሚያልፈው ሼርፓዎች አስቀድመው በየገደሉ ላይ ባጋደሙት መሰላል ነው። በ2014 ዓ. ም. በኤፕሪል 18 ቀን የበረዶ ናዳ በዚያ ስፍራ 16 ሰዎች ገደለ፤ ሁሉም ለሌሎች መንገድና ስንቅ ሲያዘጋጁ የነበሩ የአገሩ ሠራተኞች ነበሩ። ከፍለው ከመጡት እንግዶች አንድም አልነበረባቸውም።

እንግዲህ እግር የሌለው ሰው በሰው እግር ይወጣል ተብሎ ከተከለከለ፣ ይህ ፍርድ በሁሉ ላይ መድረሱ ነው። ልዩነቱ እግር ያለው ሰው በማን እግር እንደሚወጣ ስለማይታይ የማይጠየቅ መሆኑ ነው፤ እግር የሌለው ግን ከሩቅ ይታያል። ደንቡ የተሳሳተው ሰዎች ለእንግዳ ሲሉ መሞታቸውን በማሰቡ አይደለም፤ ይህን አሳብ ከሦስት ዓይነት ሰዎች በቀር ለሌላው ሁሉ በመተዉ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ፤ የኒውዚላንዱ የማርክ ኢንግሊስ ነገር ነው። ኢንግሊስ በአገሩ ከፍተኛ በሆነው በአኦራኪ ተራራ አካባቢ፣ በተራራ ላይ የጠፉትን ፈልጎ የማውጣት ሥራ ይሠራ ነበረ። በ1982 ዓ. ም. በኖቬምበር ወር፣ ሄር እግሮቹን ባጣበት በዚያው ዓመት ማለት ነው፣ ከጓደኛው ጋራ በዚያ ተራራ ራስ አጠገብ ዐውሎ ነፋስ ደረሰበትና በበረዶ ውስጥ ዋሻ ቈፍረው ተጠጉ። በዚያ ዋሻ 13 ቀን ተቀመጡ። ፈልጎ አዳኙ አሁን የሚፈለግ ሆነ። ሰዎች መጥተው አወጧቸው፤ የሁለቱም እግሮች ከጕልበት በታች ተቈረጡ። ኢንግሊስ ከዚያ በኋላ ተማረ፤ የወይን ጠጅ አዋቂ ሆነ፤ በ2000 ዓ. ም. በሲድኒ በተደረገው የአካል ጕዳተኞች ኦሊምፒክ በብስክሌት የብር ሜዳይ አገኘ፤ በ2002 ዓ. ም. እግሮቹን ወደ ወሰደበት ወደ አኦራኪ ራስ ወጣ። በ2006 ዓ. ም. ወደ ኤቨረስት ሄደ። ወደ 6,400 ሜትር ገደማ ሲደርስ ከካርቦን ፋይበር የተሠራው አንዱ እግሩ ተሰበረ፤ ሌላ እስኪመጣለት ድረስ በሚጣበቅ ጨርቅ ጠቅልሎ አሠረው። በሜይ 15 ቀን ራሱ ላይ ደረሰ፤ እግሮቹ ከተቈረጡ ሰዎች ኤቨረስትን የረገጠ የመጀመሪያው ሆነ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ ወደ 8,500 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ዴቪድ ሻርፕ የሚባል የ34 ዓመት እንግሊዛዊ በትንሽ ዋሻ ሥር ተቀምጦ ይሞት ነበረ። ያለ መሪ ብቻውን የወጣ ሰው ነበረ። ወደ 40 የሚሆኑ ሰዎች በአጠገቡ እንዳለፉ ተነግሯል። አንዳንዶቹ ሙት መስሏቸው አለፉ፤ አንዳንዶቹ ሲመለሱ ኦክሲጅን ሰጥተው ሊያነሡት ሞከሩ፤ መቆም አልቻለም። ኢንግሊስ ከተራራው ከወረደ በኋላ ሰውየውን እንዳዩት፣ በሬዲዮም እንደ ጠየቁና ምንም ማድረግ እንደማይቻል እንደ ተመለሰላቸው ለጋዜጠኞች ተናገረ። የጕዞው አለቃ ግን ወሬውን የሰማው ኋላ ነው አለ፤ ኢንግሊስም በኋላ ዘመን፣ የመለሰለት ማን እንደ ነበረ እርግጠኛ እንዳልሆነ፣ አየር ያነሰው አእምሮ ያመጣው ነገርም ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ሰር ኤድመንድ ሂላሪ በሕይወት ነበሩና ነገሩን ሰምተው እጅግ ተቈጡ፤ በእርሳቸው ዘመን የሚሞትን ሰው ትቶ ወደ ራሱ መውጣት የማይታሰብ ነበረ አሉ።

በዚህ ላይ ዓለም የፈረደበትን ፍርድ ቀርቦ ማየት ይገባል። ያለፉት ሰዎች 40 ያህል ነበሩ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም የራሳቸው እግር ነበራቸው። የተወቀሰው ግን ይልቁን እግር የሌለው አንዱ ነው፤ ሌላውን ሰው ከ8,500 ሜትር ተሸክሞ ሊያወርድ ቀርቶ፣ የራሱ ጕማጆችና ጣቶች በብርድ እየሞቱ የወረደ ሰው፤ በኋላም የአምስት ጣቶቹን ጫፍና ከእግሩ ጕማጅ ተጨማሪ ሥጋ ያጣ ሰው። ስለ ምን እርሱ ተወቀሰ? ስሙ በጋዜጣ ስለ ነበረ፤ ደግሞም ያየውን ስለ ተናገረ። ዝም ያሉት አልተጠየቁም። ይህ ግልጥ አድልዎ ነው።

ሆኖም አድልዎውን ማውገዝ ጥያቄውን አያጠፋውም። ከ40ዎቹ መካከል በበረዶ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ኮቴ ለመስማት 13 ቀን ሙሉ የጠበቀ እርሱ ነበረ። አንባቢ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ስለ ወረደው መንገደኛ የተነገረውን ምሳሌ ማስታወሱ አይቀርም፤ ያን ምሳሌ ወደዚህ አምጥቶ መፍረድም ቀላል ነው። ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ ሰዎች ፈጥነው የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ ሳምራዊው ባዶ እጁን አልመጣም። ዘይትና ወይን ይዞ ነበረ፤ የሚያስቀምጥበት አህያ ነበረው፤ ለእንግዳ ማደሪያው የሚከፍለውም ዲናር ነበረው። ርኅራኄው ከልቡ መጣ፤ የራራበት ነገር ግን ከቤቱ ሲወጣ ከጫነው ትርፍ መጣ። በ8,500 ሜትር ላይ ትርፍ የያዘ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ የወጣው የራሱን ትንፋሽ ቈጥሮ፣ ጠርሙሱን ለራሱ መጠን ለክቶ ነበረ። ስለዚህ ሻርፕ የተተወው በዋሻው አጠገብ በሜይ 15 ሌሊት አይደለም፤ ከብዙ ሳምንት በፊት፣ ከታች በሰፈሩ፣ ዕቃ ሲጫንና ኦክሲጅን ሲቈጠር ነው። በዚያች ሰዓት የማንም ልብ ክፉ አልነበረም፤ ስለ ማያውቁት ሰው ያሰበ ግን አልነበረም። ሻርፕ ራሱም ለራሱ እንኳ የሚበቃ አልያዘም።

‹‹ትርፍ ልሸከም ያለ ሰው ራሱ ላይ አይደርስም›› ቢባል ይህም እውነት ይሆናል። ያን ጊዜ ራሱ ላይ መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይጠየቃል፤ ጥያቄውም እግር ላለውም ለሌለውም አንድ ነው።

ትርፍ ሳይኖረው የሰጠ ሰውም አለ፤ ታሪኩም ከዚሁ ተራራ ነው። በ1975 ዓ. ም. ሺያ ቦዩ የሚባለው ወጣት ከቻይና ጕዞ ጋራ ወደ ኤቨረስት ወጥቶ ነበረ። ራሱ ላይ ሳይደርሱ ዐውሎ ነፋስ መለሳቸው። ሲወርዱ ከጓደኞቹ አንዱ ታሞ ነበረና የመኝታ ከረጢት አልነበረውም፤ ሺያ የራሱን ሰጠው። ብርድ ሲጸና ሰውነት ደሙን ከእግርና ከእጅ ስቦ ልብንና አንጎልን ለማዳን ይሰበስበዋል፤ ጫፎቹን ለሞት ይተዋቸዋል። በዚያ ሌሊት በሺያ ሰውነት ላይ የሆነው ይህ ነው። ሁለት እግሮቹ ሞቱ፤ ተቈረጡ። በ1996 ዓ. ም. ደግሞ በካንሰር በሽታ ምክንያት ከጕልበቱ በታች ያለው ቅልጥሙ ተቈረጠ።

ሄር የሌላ ሰው ነፍስ ዕዳ አለበት፤ ሺያ ግን ለሰው ያበደረው እግር አለው ማለት ነው። ይህ ሰው ለተራራው ዕዳ የሌለበት፣ እንዲያውም ተራራው ዕዳ ያለበት ሰው ነው ቢባል አያሳፍርም፤ እግሬን ስለ ጓደኛዬ ሰጥቻለሁና አሁን ሌሎች ስለ እኔ ይሥጉ የሚል ሰው ቢኖር እርሱ ይሆን ነበረ። በ2014 ዓ. ም. ተመልሶ መጣ፤ ናዳው 16ቱን ሠራተኞች ስለ ገደለ የዚያ ዓመት መውጣት ቀረ። በ2015 ዓ. ም. መጣ፤ በኤፕሪል 25 ቀን ኔፓልን ያናወጠው የምድር መንቀጥቀጥ መለሰው። በ2016 ዓ. ም. ወጣ፤ ወደ ራሱ ለመድረስ 100 ሜትር የማይሞላ ሲቀረው ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። ዕድሜው ከ65 በላይ ነበረ፤ ሌላ ጊዜ እንደሚያገኝ የሚያረጋግጥለት አልነበረም። እርሱ እንደ ተናገረው፣ በራሱ ነፍስ ቢሆን ይቀጥል ነበረ፤ አብረውት የነበሩት ሼርፓዎች ግን ወጣቶች ነበሩና ስለ እነርሱ ሲል ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የ2017ቱ ደንብ ወጣ፤ የተከለከሉት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እርሱም ገባ። ደንቡ በሰው ነፍስ ላይ አደጋ ያመጣሉ ብሎ ከተራራው ካገዳቸው መካከል፣ ራሱን እያየ ስለ ሼርፓዎቹ ነፍስ የተመለሰው ሰው ነበረበት። ፍርድ ቤቱ ደንቡን ካገደ ከሁለት ወር ያህል በኋላ፣ በሜይ 14 ቀን 2018 ዓ. ም.፣ ሺያ ቦዩ በ70 ዓመት ዕድሜ አፋፍ ላይ ሆኖ፣ ከሼርፓዎቹ ጋራ በሌሊት ተነሥቶ፣ ከ43 ዓመት በፊት ብርድ እግሮቹን በወሰደበት ተራራ ራስ ላይ ቆመ።